እቴጌ መነን፦ ለሴቶች ልጆች የትምህርትን ደጅ የከፈቱ እናት

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ወጥቶ የአምቦን መንገድ የያዘ ሰው አስቀድሞ የሚያገኛት ከተማ ቡራዩ ናት። ማለዳ በዚህ ጎዳና ዳር የቆመ ሰው የደንብ ልብሳቸው ቀለም በየትምህርት ቤታቸው የተለያየ ሕፃናት ቦርሳቸውን አዝለው ሲጣደፉ ያያል። በየመንደሩ መግቢያ አካዳሚ የሚል ጽሑፍ የሰፈረባቸው የግል ትምህርት ቤቶች ሰሌዳዎች ይታያሉ። በሰበታም በሱሉልታም እንዲሁ ነው። ወላጆች ከዕለት ጉርሳቸው ቀንሰው፣ ወር በገባ ቁጥር ክፍያውን አሟልተው ልጆቻቸውን ያስተምራሉ። ይህ የሚመሰገን ድካም ነው።

ነገር ግን ገንዘቡ ሲያጥር፣ ከሁለት ልጆች አንዱን ብቻ ማስተማር የሚቻል ሲመስል፣ ወላጅ ማንን ያስቀድማል? ወንዱን ወደ ትምህርት ቤት ልኮ ሴቷን ከጓዳ የማስቀረት ልማድ ከአገራችን ፈጽሞ ጠፍቷል ማለት አንችልም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከዘጠና ዓመታት በፊት ለዚህ ጥያቄ በቃል ሳይሆን በሥራ መልስ የሰጡ አንዲት ክርስቲያን እናትን ሕይወት እናስታውሳለን። እኒህ እናት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባለቤት እቴጌ መነን አስፋው ናቸው።

ትውልድና ልጅነት

እቴጌ መነን በ1883 ዓ.ም በወሎ አምባሰል ተወለዱ። አባታቸው የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው፣ እናታቸው ደግሞ ወይዘሮ ስኂን ሚካኤል ናቸው። ጃንጥራር የአምባሰል ገዢዎች በዘር የሚወርሱት ማዕርግ ነው። ወይዘሮ ስኂን የወሎው ገዢ የራስ ሚካኤል፣ በኋላ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ነበሩ። ንጉሥ ሚካኤል አስቀድመው ኢማም መሐመድ ዓሊ ይባሉ የነበሩ፣ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ክርስትና አባትነት የተጠመቁ መሆናቸው በታሪክ የታወቀ ነው። ልጅ ኢያሱም የንጉሥ ሚካኤል ልጅ በመሆናቸው ለእቴጌ መነን አጎት ነበሩ።

እንግዲህ መነን የተወለዱት ከታላቅ ቤት ነው። ታላቅ ቤት መወለድ ግን በዚያ ዘመን ሴት ልጅን ከአንድ ነገር አያድናትም ነበር፤ እርሱም በልጅነት መዳር ነው። እንዲያውም የመኳንንት ሴቶች ልጆች ጋብቻ የሁለት ቤቶች ውል፣ የሁለት አገሮች ማስታረቂያ ስለነበረ ከሌላው ይልቅ ቶሎ ይዳሩ ነበር። መነንም ገና በልጅነታቸው ቤተሰቦቻቸው ከመረጡላቸው የወሎ መኰንን ጋር ተጋቡ። ያ ጋብቻ ሲፈርስ ለሌላ መኰንን ተዳሩ፤ ከዚያም ለራስ ልዑል ሰገድ። ሃያ ዓመት እንደሞላቸው፣ በሐምሌ ወር 1903 ዓ.ም፣ ከደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ጋር ሲጋቡ ሌሎች ትዳሮችን አሳልፈው፣ ልጆችንም ወልደው ነበር።

ይህን የምናነሣው የትልቅ ሰውን ገመና ለመግለጥ አይደለም። የዘመኑ ሥርዓት ነበርና ማንም እንደ ነውር አልቆጠረውም። የምናነሣው በኋላ የሠሩትን ሥራ ክብደት እንድናስተውል ነው። ለሴቶች ልጆች ማደሪያ ያለው ትምህርት ቤት የከፈቱት እናት ራሳቸው የልጅነት ዘመናቸውን በትዳር ያሳለፉ ነበሩ።

በሁለት ቤቶች መካከል

ከደጃዝማች ተፈሪ ጋር የመሠረቱት ትዳር እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ከሃምሳ ዓመት በላይ ጸና። ስድስት ልጆችም ወለዱ፦ ልዕልት ተናኘ ወርቅ፣ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን፣ ልዕልት ዘነበ ወርቅ፣ ልዕልት ፀሐይ፣ ልዑል መኰንን እና ልዑል ሣህለ ሥላሴ።

ይህ ትዳር ግን ገና በማለዳው ተፈትኗል። በመስከረም 1909 ዓ.ም ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወርደው ንግሥት ዘውዲቱ ሲነግሡ፣ የመነን ባል ራስ ተፈሪ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። የመነን አያት ንጉሥ ሚካኤል ደግሞ የልጃቸውን ዙፋን ለማስመለስ ከወሎ ጦር አስከትለው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ቀድሞ ባላቸው የነበሩት ራስ ልዑል ሰገድ ይህን ጦር ሊገቱ ወጥተው በውጊያ ወደቁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም፣ በሰገሌ ጦርነት ንጉሥ ሚካኤል ድል ሆነው ተማረኩ። በአንድ ወር ውስጥ የባላቸው ቤት ከፍ ሲል የአያታቸው ቤት ወደቀ። ደስታና ሐዘን በአንዲት ሴት ቤት አብረው ገቡ። እርሳቸው ግን ከባላቸው ቤት ሳይናወጡ፣ በጸሎትና በዝምታ ያን ዘመን አሳለፉት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአዲስ አበባ በመናገሻ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ንግሣቸው ሲፈጸም፣ መነንም በዚያው ዕለት የእቴጌነትን ዘውድ ተቀበሉ። ከእርሳቸው በፊት እቴጌ ጣይቱ ዘውድ የጫኑት ከዐፄ ምኒልክ ንግሥ ሁለት ቀን በኋላ ነበር። በአንድ ቀን አብሮ መቀባትና ዘውድ መቀበል አዲስ ነገር ነበርና ለሴት ልጅ ክብር እንደ ምልክት ታይቷል። እቴጌይቱ ግን በምልክቱ ብቻ አልረኩም።

ትምህርት ቤቱ

በአገራችን ትምህርት ከቤተ ክርስቲያን ጋር የኖረ ነው። ከንባብ ቤት ተነሥቶ በዜማ ቤት፣ በቅኔ ቤት፣ በመጽሐፍ ቤት የሚያልፈው የአብነት ትምህርት ራሱ የልዩ ሙያ ትምህርት ነው፤ መምህሩ በአንድ ሙያ የተመሰከረለት፣ ተማሪውም ያን ሙያ ፍለጋ አገር አቋርጦ የሚመጣ ነውና። በዚህ ጉዞ ሴቶች ጥቂቶች ናቸው፤ ይሁን እንጂ በጎጃም ወንበር ዘርግተው ወንዶችን ቅኔ ያስተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዕውቀት ጾታን እንደማይለይ ምስክር ናቸው።

የዘመናዊው ትምህርት አጀማመርም ቢሆን ለወንዶች ያደላ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም ሲከፍቱ መምህራኑን ያስመጡት ከግብጽ ኦርቶዶክሳውያን ነበር። ራስ ተፈሪም በ1917 ዓ.ም የተፈሪ መኰንንን ትምህርት ቤት መርቀው ከፈቱ። ወደ ሁለቱም የሚገቡት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ከንግሡ በዓል በኋላ ባለው ዓመት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931፣ እቴጌ መነን በራሳቸው ገንዘብ በአዲስ አበባ የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በአገሪቱ ለሴቶች ብቻ ተብሎ የተከፈተ፣ አዳሪም ተመላላሽም የሚቀበል የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ይህ ነው። የመጀመሪያዋ ዳይሬክተር ፈረንሳዊት ነበሩ፤ ትምህርቱም በዘመኑ ልማድ ለፈረንሳይኛ ሰፊ ቦታ ይሰጥ ነበር። ከዚህም ጋር የቤት አያያዝና የእጅ ሥራ ይማሩበት ነበር።

እዚህ ላይ ማደሪያ ማለት ምን እንደሆነ ማስተዋል ይገባል። ለተመላላሽ ተማሪ ትምህርት ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ ነው፤ ማታ ወደ ቤት ስትመለስ የሚጠብቃት ሥራ፣ የሚጠብቃትም የጋብቻ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። አዳሪዋ ግን በቅጥሩ ውስጥ ታድጋለች። ከሩቅ ጠቅላይ ግዛት የመጣች ልጅ መንገዱ ሳይከለክላት ትማራለች። በመጀመሪያ የገቡት አብዛኞቹ የመኳንንትና የባለጸጎች ልጆች መሆናቸው እውነት ነው፤ በሩ ለሌሎች የሰፋው ቀስ በቀስ ነው። ሆኖም በር የሚሰፋው አስቀድሞ ሲከፈት ነው። እቴጌይቱ ትምህርት ቤቱን ደጋግመው ይጎበኙ፣ በምረቃውም በዓል ላይ ይገኙ ነበር። ልጁን ለትምህርት ለመስጠት የሚያመነታ አባት የእቴጌይቱ ዓይን በዚያ ቅጥር ላይ መሆኑን ማየቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

ሁለት ልጆች፣ ሁለት መንገዶች

የልማድ ኃይል ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ከእቴጌይቱ ከራሳቸው ቤት እንማራለን። ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ብዙ ሳይቆይ ልጃቸው ልዕልት ዘነበ ወርቅ በ15 ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው ለትግራዩ ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ተዳሩ። የጋብቻው ዓላማ የሸዋንና የትግራይን ቤቶች ማስተሳሰር ነበር። ልዕልቲቱ ግን 17 ዓመት ሳይሞላቸው በመጋቢት 1926 ዓ.ም በመቀሌ ዐረፉ። የሌሎችን ልጆች ከጓዳ ያወጡት እናት የገዛ ልጃቸውን ከዘመኑ ሥርዓት ማውጣት አልሆነላቸውም። አንድ ትምህርት ቤት መክፈት ልማድን በአንድ ጀንበር አይለውጥም፤ ከንግሥት ቤት እንኳ ሳይቀር ትውልድ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ሁለተኛዋ ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ በሌላ መንገድ ሄዱ። ቤተሰቡ በስደት እንግሊዝ አገር ሳለ በለንደን በታወቀ የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተምረው ተመረቁ። የንጉሥ ልጅ ሆና የሕሙማንን ቁስል ማጠብ በዚያ ዘመን ላየው ሁሉ እንግዳ ነገር ነበር። አገራቸው ነጻ ስትወጣ ተመልሰው ሙያቸውን ለወገን ለማዋል ተነሡ፤ ነገር ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም ገና በ22 ዓመታቸው በወለጋ ዐረፉ። በአዲስ አበባ በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል ለብዙ ዘመን ሕሙማንን አገለገለ፣ ነርሶችንም አሠለጠነ። እናት ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ የልጅ ስም ደግሞ የሙያ መማሪያ ሆነ።

ስደትና ስእለት

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም መጨረሻ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱና ቤተሰባቸው በጅቡቲ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደዱ፤ ከዚያም ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ተቀመጡ። የእንግሊዝ ብርድና እርጥበት ለጤንነታቸው ስላልተስማማ እቴጌይቱ ብዙውን ጊዜ በቅድስት አገር አሳለፉ። በኢየሩሳሌም ያለውን ገዳማችንን ቀድሞም ይወዱት ነበር፤ በዮርዳኖስ ወንዝ ዳር የሚገኘው የቅድስት ሥላሴ ገዳም የእርሳቸው ሥራ ነው። በስደቱ ዘመን ከአንዱ ቅዱስ ቦታ ወደ ሌላው እየሄዱ ስለ አገራቸው ይለምኑ ነበር።

በቤተ ልሔም በጌታችን ልደት ቤተ ክርስቲያን ለእመቤታችን የተሳሉት ስእለት በታሪካቸው ጎልቶ ይታወቃል። ኢትዮጵያ ነጻ ከወጣች፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም በራሳቸው ላይ ያረፈውን ዘውድ ለዚያ ቤተ ክርስቲያን ለመስጠት ቃል ገቡ። በ1933 ዓ.ም አገር ነጻ ወጣች፤ ዘውዱም ወደ ቤተ ልሔም ተላከ። ለወደፊት ለሚነሡ እቴጌዎች ምሳሌው ተሠርቶ ተተካ። ከዚያ በኋላ ግን ዘውድ የጫነች እቴጌ አልተነሣችም።

በእነዚያ አምስት ዓመታት በአገር ቤት የነበረው መከራ ይታወቃል። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም እና በተከታዮቹ ቀናት በአዲስ አበባ ንጹሐን ታረዱ፤ የተማሩ ወጣቶች ተለቅመው ተገደሉ። ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ስለዚህ ከነጻነት በኋላ የነበረው ሥራ የተበተነን ትውልድ ከመሰብሰብ የሚጀምር ነበር።

ከነጻነት በኋላ

የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳግመኛ ሲከፈት እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ያዘ። የበለጠው ለውጥ ግን በመሪነቱ መጣ። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ሆኑ። ወይዘሮ ስንዱ የተወለዱት በዚሁ በቡራዩ በሚያልፈው መንገድ በምትገኘው አዲስ ዓለም ነው። በስዊዘርላንድ ተምረው ተመልሰው፣ በጠላት ወረራ ጊዜ ከአርበኞች ጋር ቆመው፣ ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተግዘው ነበር። እንዲህ ያለች ሴት በፊታቸው ቆማ ስታስተምራቸው ለተማሪዎቹ ከመጽሐፍ የሚበልጥ ትምህርት ነበር። በኋላም በ1949 ዓ.ም በተደረገው ምርጫ የመጀመሪያዋ የምክር ቤት ሴት አባል ሆነዋል። የማደሪያው ጥቅም እዚህ ላይ ተገለጠ፤ ትምህርት ቤቱ ተማሪ ብቻ ሳይሆን የሴት መሪን አርአያ አስገኘ።

እቴጌይቱ በስማቸው የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ነበራቸው፤ የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበርንና የቀይ መስቀልን ሥራ ይደግፉ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ለሚሄዱ ምእመናን ጉዞ የሚያመቻቸውን ማኅበር በጠባቂነት ይመሩ ነበር። ለአክሱም ጽዮን ማርያም አዲስ ካቴድራል ሥራም ከግል ገንዘባቸው ሰጥተዋል፤ ፍጻሜውን ለማየት ግን ዕድሜ አልተሰጣቸውም። በግንቦት 1949 ዓ.ም ልጃቸው ልዑል መኰንን በመኪና አደጋ ሲሞቱ የእናት ልባቸው ክፉኛ ቆሰለ። ከዚያ በኋላ በሕመም ቆይተው የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም ዐረፉ፤ በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

ስም ሲነሣ፣ ሥራ ሲቀር

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የትምህርት ቤቱ ስም ተለውጦ በስድስት ኪሎ ለሰማዕታቱ መታሰቢያ በቆመው ሐውልት ስም የካቲት 12 ተባለ። በ1960ዎቹ መጨረሻም የግል ትምህርት ቤቶች በመንግሥት ተወረሱ። ከ1986 ዓ.ም የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ግን የግል ትምህርት ቤቶች እንደገና ተስፋፉ፤ ዛሬ በቡራዩና በአካባቢዋ የምናያቸው የዚህ ፍሬ ናቸው። በቅርብ ዓመታትም በእቴጌይቱ ስም የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ እንደገና ሥራ ጀምሯል። ስሙ ሲፋቅም ሲመለስም ቅጥሩ ልጆችን ማስተማሩን አላቋረጠም። ለሰሌዳ የሚሠራ ሰው ሰሌዳው ሲወርድ ሥራው ያልቅበታል፤ ለልጆች የሚሠራ ግን ስሙ ቢነሣም ሥራው ይቀጥልለታል።

መዲናችንን የከበቡት ከተሞች ለልዩ ትምህርት ቤቶች እንግዳ አይደሉም። በሰበታ የሚገኘው መርሐ ዕውራን ለዓይነ ስውራን ልጆች የብርሃን ደጅ ሆኖ ኖሯል። ከቡራዩ ወዲያ በሆለታ ገነት ደግሞ የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው ከጠላት ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ በስዊድናውያን መምህራን ነው። የመጀመሪያው ማየት የተሳናቸውን፣ ሁለተኛው ለአገር የሚሞቱትን አስተማረ። የሁሉም መነሻ አንድ ነው፦ የተዘነጋን ወገን ወይም የተዘነጋን ሙያ ያየ ሰው ደጅ ከፈተ።

ለእኛ ምን ይቀርልናል?

በአገራችን ሕግ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 15 ዓመት ነበር፤ በ1992ቱ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ 18 ሆነ። ሕጉ ስለተለወጠ ግን ልማዱ በየቤቱ አብሮ ተለወጠ ማለት አይደለም። በሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን የምናገኛቸው ልጃገረዶች አንዳንዶቹ በመካከል ሲጠፉ ምክንያቱን መጠየቅ የመምህራን ብቻ ሳይሆን የንስሐ አባቶችና የአበ ልጆች ሥራ ነው። የንስሐ አባት ቃል በአንድ ቤት ውስጥ ያለውን ክብደት እናውቃለንና፣ ልጅህን አትዳር፣ አስተምር የሚለው ምክር ከእርሱ አንደበት ሲወጣ ይሰማል።

ደግሞም እያንዳንዳችን እቴጌ አይደለንም፤ ትምህርት ቤት የምንከፍትበት ሀብትም የለንም። ነገር ግን በአንድ አጥቢያ የሚሰበሰብ ጽዋ ማኅበር በየወሩ ከሚያዋጣው ጥቂቱን ቢያስቀር የአንዲት ወላጅ አልባ ልጅን የትምህርት ወጪ ይሸፍናል። ለግል ትምህርት ቤቶች ባለቤቶች ለሆኑ ምእመናን ደግሞ በየክፍሉ አንድ ወንበር ለድኻ ልጅ ነጻ ማድረግ የሚከብድ አይሆንም። እቴጌ መነን ዘውዳቸውን ለእመቤታችን፣ ገንዘባቸውን ለማያውቋቸው ሰዎች ሴቶች ልጆች ሰጡ። ሁለቱም ስጦታ ከአንድ ልብ የወጣ ነው፤ ለእመቤታችን የሚሳል ሰው ሴት ልጅን ሊንቅ አይችልምና።

ዛሬ ማታ በየቤታችን የልጆቻችንን ደብተር ስናይ የሴቷንም እንይ። ለከርሞ ክፍያ ስናስብ ስሟን ከዝርዝሩ አንፋቅ።

የእቴጌ መነንን ነፍስ እግዚአብሔር ከቅዱሳን አንስት ጋር ያሳርፍልን፤ ልጆቻችንን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።